የማይፋቅ መዝገብ ምስክር እንጂ ዳኛ አይሁን

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከተባለ የውጭ ኩባንያ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ካርዳኖ በሚባለው ብሎክቼይን ላይ በሚቆም ሥርዓት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች መለያና ውጤት ይመዘገባል፤ 3,500 ትምህርት ቤቶችና 750 ሺሕ መምህራንም ይታቀፉበታል ተባለ። ማንም የማይፍቀው የውጤት መዝገብ፣ ቀጣሪው አዲስ አበባም ይኑር ዱባይ በደቂቃ የሚያጣራው የትምህርት ማስረጃ ማለት ነው። የሐሰት ዲግሪ ላንገሸገሸው አገር ይህ ቀላል ተስፋ አይደለም። ከዚህ የሰፋ ተስፋ የሚያቀነቅኑም በዓለም ዙሪያ ሞልተዋል፦ የመሬት ይዞታን፣ የምርጫ ድምፅን፣ ዕርዳታን፣ በመጨረሻም ሕግን ራሱን ብሎክቼይን ላይ እናስቀምጥ፤ ጉቦ የሚበላውን፣ ፋይል የሚደብቀውን፣ ለዘመድ የሚያደላውን ሰው ከመሃል እናውጣው ይላሉ። የዚህን ተስፋ ግማሽ እኔም እቀበላለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን አደገኛ ነው እላለሁ፤ አደጋውም ቴክኖሎጂው ገና ጨቅላ ስለሆነ የመጣ፣ ሲጎለምስ የሚጠፋ አይደለም።

ብሎክቼይን በመሠረቱ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጥ የጋራ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ገጽ የቀደመውን ገጽ ዲጂታል አሻራ ይዞ ስለሚጻፍ፣ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ በድብቅ ሊለውጥ የሚሻ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ መለወጥ፣ ያንንም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች እንዲቀበሉት ማድረግ ይኖርበታል። ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንድ ዲጂታል ሰነድ መቼ እንደነበረና ከዚያ ወዲህ እንዳልተነካካ የሚረጋገጥበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመዋል። ሹሪቲ የተባለው ኩባንያቸው ከ1995 ጀምሮ የመዝገቡን ዲጂታል አሻራ በየሳምንቱ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ እንደ ማንኛውም ጥቃቅን ማስታወቂያ ያወጣ ጀመር። አሻራው ከሰነዱ ይዘት ተሰልተው የተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ነው። ጋዜጣው ግን በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ተበትኗልና፣ መዝገቡን ኋላ ላይ ሊነካካ የሚፈልግ ሰው የታተመውን ቅጂ ሁሉ ለቅሞ ማጥፋት ሊኖርበት ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው የቢትኮይን ፈልሳፊም በ2008 ባወጣው ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ጠቅሷል። ይህ መነሻ ቴክኖሎጂው በእርግጥ የሚችለውን ነገር ነጥሎ ያሳየናል። የሚችለው መመስከር ነው፤ ይህ ጽሑፍ በዚህ ቀን በዚህ መልክ ነበረ ብሎ መመስከር። ጽሑፉ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ፍትሐዊ ይሁን ግፍ አያውቅም።

ምስክርነት ራሱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማየት ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ማስታወስ ይበቃል። ዕጣው የወጣው በኮምፒውተር፣ በአደባባይ ነበር። በቀናት ውስጥ ግን የከተማ አስተዳደሩ ውጤቱን ሰረዘው፤ ለቤቱ የሚቆጠበው ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክ ከላከው የቆጣቢዎች ዝርዝር ውጭ የሆኑ ብዙ ሰዎች ዕጣው ውስጥ መግባታቸው በምርመራ ተደርሶበታልና። ለዓመታት ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው የቆጠቡ ሰዎች አንድ ቀን እልል ብለው በማግስቱ አለቀሱ። ባንኩ ዝርዝሩን በላከ ዕለት የዝርዝሩ ዲጂታል አሻራ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቢሆንና፣ ዕጣ አውጪው መሥሪያ ቤትም ኮምፒውተሩ ላይ የጫነውን ዝርዝር አሻራ ይፋ እንዲያደርግ ቢገደድ፣ ሁለቱ አለመግጠማቸውን ማንኛውም የኮምፒውተር ተማሪ ከዕጣው በፊት ባየው ነበር። እዚህ ላይ የብሎክቼይን ደጋፊዎች ልክ ናቸው። መዝገብ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ብቻ ሲቀመጥ፣ ያንን መሥሪያ ቤት ከማመን ሌላ ምርጫ አይኖረንም፤ እምነታችንም ደጋግሞ ተጎድቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመመዝገቡ በፊት ባለው ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለዓመታት በኩረጃና በስርቆት ሲታመስ ቆይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ተደርሷል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበረውን ውጤት ሁሉ ብሎክቼይን ላይ አስፍረነው ቢሆን ኖሮ፣ ኩረጃውን በማይፋቅ ቀለም ጽፈን፣ በአገር ማኅተም አትመን ለቀጣሪው በሰጠነው ነበር። እውነቱ እንዲወጣ ያደረገው የፈተና አዳራሹ መለወጡ ነው፤ የመዝገቡ ዓይነት ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። አምስት ሚሊዮን ተማሪ ለመመዝገብ የተገባውን ውል ሳስብ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ውጤቱን የሚያስገባውን መምህር ማን ያየዋል? ርዕሰ መምህሩ ቢያስገድደው ለማን ይጮኻል?

የመሬት መዝገብም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፋክተም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሆንዱራስን የመሬት መዝገብ በብሎክቼይን ሊሠራ ነው የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሥራው መቆሙ ተሰማ። በካውካስ የምትገኘው ጆርጂያ ግን ቢትፉሪ ከተባለ ኩባንያ ጋር ከ2016 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ጀምራ ተሳካላት። ልዩነቱን ቴክኖሎጂው ውስጥ የሚፈልግ አያገኘውም። ጆርጂያ የመዝገብ ኤጀንሲዋን በ2004 እንደ አዲስ አቋቁማ፣ ጉቦውን አጽድታ፣ የመዝገብ አሠራሯን ካስተካከለች ከዓመታት በኋላ ነው አሻራውን ብሎክቼይን ላይ ያኖረችው። በእኛም አገር ገጠር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ሥራውን አስተማማኝ ያደረገው ሌላ ነገር አልነበረም፤ የቀበሌው ኮሚቴ ከአዋሳኞች ጋር ድንበር ለድንበር ዞሮ፣ «ይህ የማን ነው?» ብሎ በአደባባይ ጠይቆ፣ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ጊዜ ሰጥቶ መመዝገቡ ነው። በብዙ ቦታ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ በደብተሩ ላይ እንዲወጣ መደረጉ ስንቷን ሴት ከመፈናቀል እንዳዳነ የገጠሩን ሕይወት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያንን የወሰነው የሰው ፍርድና የሕግ ድንጋጌ ነው። የባል ስም ብቻ እንዲገባ ቢወሰን ኖሮ፣ ብሎክቼይን ግፉን ያለ ምንም ስህተት ጠብቆ ባስቀመጠው ነበር።

ምስክሩን ዳኛ ለማድረግ ከተደረጉት ሙከራዎች ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ2016 ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ የተካሄደው ነው። ኢቴሪየም ከገንዘብ ሌላ ውልም ይይዛል፤ ስማርት ኮንትራት የሚባለው ይህ ውል በኮምፒውተር ቋንቋ ተጽፎ፣ ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ ማንም ሳያዝዘው ራሱን ይፈጽማል። «ዘ ዳኦ» የተባለው ማኅበር በዚህ መንገድ ተቋቋመ፤ ሥራ አስኪያጅ የለው፣ ቦርድ የለው፣ ቢሮ የለው። ያዋጣ ሁሉ ባዋጣው ልክ ድምፅ ያገኛል፤ ገንዘቡ የት ይዋል የሚለውን ድምፁ ይወስናል፤ ውሳኔውን ኮዱ ይፈጽማል። ስለ ማኅበሩ በሰው ቋንቋ የተጻፈው ማብራሪያና ኮዱ ቢጋጩ የሚጸናው ኮዱ እንደሆነም በግልጽ ተጽፎ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ገንዘብ ተሰበሰበ። ጁን 17 ቀን ማንነቱን የሰወረ ሰው ኮዱ ውስጥ ቀዳዳ አገኘ፤ ሒሳቡ ከመቀነሱ በፊት ደጋግሞ ወጪ እየጠየቀ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ)፣ በወቅቱ ዋጋ ከ50 ሚሊዮን ዶላር የማያንስ፣ ወደ ሌላ ሒሳብ አሸሸ።

ይህ ሌብነት ነው? በየትኛውም አገር ችሎት አዎ ይባላል። በማኅበሩ ሕግ ግን ኮዱ የፈቀደውን ያደረገ ሰው ምን አጠፋ? «አጥቂው እኔ ነኝ» ባይ ያሰራጨው ደብዳቤም የተከራከረው በዚሁ ነበር፤ እንደ ማኅበሩ ቃል ከሄድን ክርክሩን መርታት ይከብዳል። ገንዘቡ በኮዱ ደንብ መሠረት ለሳምንታት ታስሮ ስለሚቆይ የኢቴሪየም ሰዎች የመመካከሪያ ጊዜ አገኙ። ድምፅ ተሰጠ፤ የተሳተፈው ኢተር ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ጁላይ 20 ቀን መዝገቡ ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው ዝርፊያውን የቀለበሰውን መዝገብ ተከተለ፤ «አይለወጥም ብለን ነበር» ያሉት በቀደመው ቀጠሉ፤ እርሱም ኢቴሪየም ክላሲክ በሚል ስም እስካሁን አለ።

መቀልበሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የተዘረፉ ሰዎች ገንዘባቸውን ማግኘት ነበረባቸው። የሚያሳስበኝ ያ ውሳኔ የተወሰነበት መንገድ ነው። ዳኛ የሌለው ነው የተባለው ሥርዓት በችግር ቀን ዳኞች እንዳሉት ታየ፤ እነርሱም ኮዱን የሚጽፉ፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን የሚያንቀሳቅሱና ብዙ ገንዘብ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ማንም አልመረጣቸውም፤ የሚመሩበት የተጻፈ ሥነ ሥርዓት አልነበረም፤ ይግባኝ የሚባልበት ችሎትም አልነበረም። በዕቁብ እንኳ ደንቡ ዕጣ ቢሆንም፣ አባል ሐዘን ወይም ሕመም ሲደርስበት ለዳኛው ያመለክታል፤ ዳኛውም አባላቱን አስፈቅዶ ቀድሞ እንዲወስድ ያደርጋል፤ ዳኛው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ከመጀመሪያው ያውቃል፣ ሲያጠፋም ይሽረዋል። ሰው በሚኖርበት ሥርዓት ውስጥ ደንብ ያላሰበው ነገር መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያ ጊዜ የሚፈርደው ሰው አስቀድሞ ካልተሰየመ፣ ጉልበት ያለው ራሱን ይሰይማል።

ይህ ሁሉ የጀማሪነት ስህተት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ኮድ የሚመረምሩ ባለሙያዎች በዝተዋል የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ በዝተዋል። ኤፕሪል 17 ቀን 2022 ቢንስቶክ በተባለው የብሎክቼይን ፕሮጀክት ላይ የደረሰው ግን የዚያን ዓይነት የኮድ ግድፈት አልነበረም። አንድ ሰው ለቅጽበት ብቻ በሚሰጥና እዚያው በሚመለስ ብድር እጅግ ብዙ ገንዘብ ወሰደ፤ በገንዘቡ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ ድምፅ ገዛ፤ የማኅበሩ ሀብት ወደ እርሱ እንዲዛወር ራሱ ያቀረበውን ሐሳብ ራሱ አጸደቀ፤ ብድሩን መልሶ ሄደ። የጠፋው 182 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ድምፁ በደንቡ መሠረት ተሰጠ፣ በደንቡ መሠረት ተቆጠረ፣ በደንቡ መሠረት ተፈጸመ። ድምፅ በገንዘብ ሲለካ ሥልጣን የሚሸጥና የሚከራይ ዕቃ ይሆናል። ቼይናሊሲስ የተባለው ተቋም በዚያው ዓመት አሥር ትልልቅ የዚህ ዓይነት ማኅበራትን መርምሮ፣ ከባለድርሻዎቹ 1 በመቶ የማይሞሉት 90 በመቶውን ድምፅ እንደያዙ አሳይቷል። በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ይህ ሊያስኬድ ይችላል፤ አክሲዮን ያልገዛ ሰው አይጎዳምና። ከተማን ወይም አገርን በዚህ መንገድ ማስተዳደር ግን ባለርስት ብቻ ወደሚናገርበት ዘመን መመለስ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ እንስጥ ቢባልስ? መልካም፤ ግን ብሎክቼይን ሒሳብን እንጂ ሰውን አያውቅም፤ አንድ ሰው ሺሕ ሒሳብ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ይህ እውነተኛ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቧል ብሎ የሚያረጋግጥ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል መንግሥት ከሆነ፣ ከመሃል ወጣ የተባለው ባለሥልጣን በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። የግል ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ወርልድኮይን የተባለው ኩባንያ የሰዎችን ዐይን በካሜራ እያነሳ በልዋጩ ዲጂታል ገንዘብ ሲያድል፣ ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሥራውን አግዳለች። መረጃው ወዴት ይሄዳል ብላ መጠየቋ ተገቢ ነበር።

መዝገብ ሳይፋቅ ለዘላለም መቀመጡ በራሱ እንደ በጎነት መቆጠሩ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል። ቤልጂጎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያሰፈሩት የጎሣ መለያ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በየኬላው የሚገደለውን ከማይገደለው መለያ ሆነ። በእኛም አገር ለዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ ኖሯል፤ በፋይዳ ምዝገባ ያ አለመኖሩን ከዲጂታል መታወቂያው መልካም ጎኖች ዋናው አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ዛሬ ምንም የማያስከትል የሚመስል መረጃ ነገ በሌላ መንግሥት፣ በሌላ የጥላቻ ወቅት ምን እንደሚሆን አናውቅምና፣ መረጃን መሰረዝ መቻል ሕይወትን የሚያድን ሥልጣን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበ ስህተት እንዲታረም የመጠየቅ መብት የሰጠውም በከንቱ አይደለም። ስሙ ተሳስቶ የገባ፣ የልደት ዘመኑ በጸሐፊ ስህተት አሥር ዓመት የተጨመረበት፣ በሐሰት «ተበዳሪ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው የሚፈልገው የሚፋቅ መዝገብ ነው። ስለዚህ የሰው ገመና ብሎክቼይን ላይ መጻፍ የለበትም፤ ይጻፍ ከተባለ አሻራው ብቻ፣ ዋናው መዝገብ ግን ሊታረም በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።

ከሚቀርብብኝ ተቃውሞ ሁሉ ከባዱ ግን ሌላ ነው። «አንተ የምታወራው ዳኛው ዳኛ፣ ሹሙ ሹም ስለሆነበት አገር ነው፤ ጉዳይ በገንዘብ በሚያልቅበት አገር ግን ርኅራኄ የሌለው ማሽን ከሚሸጥ ሰው ይሻላል» ይሉኛል። ይህን የሚሉት ሰዎች የሚናገሩት ከቁስላቸው ነው፤ ቁስሉም እውነት ነው። ሆኖም ማሽኑን ማን እንደሚጽፈው እንጠይቅ። አዋጅ ሲወጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል፣ ጠበቃ ይተረጉመዋል፣ ምክር ቤት ይሽረዋል። ስማርት ኮንትራት ግን የሚያነበው እፍኝ የማይሞላ ባለሙያ ነው፤ የሚሻሻልበትን ቁልፍ የሚይዘውም ተቋራጩ ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ክፍል ነው። ሙሰኛው በመስኮት ሲቀመጥ ስሙን አውቀህ ትከሰዋለህ፤ ኮድ ውስጥ ሲገባ ግን «ሲስተሙ ነው የከለከለህ» ይልሃል፤ ከሲስተም ጋር ደግሞ ክርክር የለም። የቤቶቹን ዕጣ ያበላሹት ሰዎች የተደበቁት ኮምፒውተሩ አያዳላም ከሚለው እምነት ጀርባ ነበር። ተይዘው የተጠየቁትም፣ ውጤቱም የተሰረዘው፣ የመሰረዝ ሥልጣን ያለው አካል ስለነበረ ነው።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በዮርዳኖስ የስደተኞች መጠለያዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሠራው ሥርዓት በብሎክቼይን አድናቂዎች ዘንድ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ስደተኛዋ ሱቅ ገብታ በዐይኗ ብሌን ትለይ ነበር፤ የወሰደችው ብሎክቼይን ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ለባንክ ይከፈል የነበረው ወጪም በእጅጉ ቀንሷል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ያጠራቀመው ገንዘብ ለተራበ ሰው ይውላልና። ግን መዝገቡ በጅምሩ በድርጅቱ በራሱ ቁጥጥር ሥር ነበረ፤ ስደተኞቹም ስለ ራሽኑ መጠን የሚወስኑበት አንዲት ድምፅ አልጨመረላቸውም። የሒሳብ አያያዝ መሻሻልን ከሕዝብ አስተዳደር ጋር ማምታታት አይገባም።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ማንኛውም የብሎክቼይን ውል ከመፈረሙ በፊት መረጃውን ማን እንደሚያስገባ፣ ስህተትን ማን እንደሚያርምና ቅሬታ ያለው ዜጋ የት ችሎት እንደሚቆም በጽሑፍ ይፋ እንዲሆን ያድርጉ። ይህን መመለስ የማይችል ኩባንያ ይሰናበት። እስከዚያው ድረስ ያለ ምንም የውጭ ውል ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቀጣዩን የቤቶች ዕጣ ከማውጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ባንኩ የላከውን የቆጣቢዎች ዝርዝርና ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ዝርዝር ዲጂታል አሻራ ጎን ለጎን በጋዜጣ ያሳትም። ወጪው የአንድ አነስተኛ ማስታወቂያ ዋጋ ነው።